በቅሎዋና እናቴ በአንድ አንቀጽ

አባቴ የእንስሳት ጤና ሠራተኛ ነበሩ። ጡረታ ወጥተው ጎባ ቤታቸው ሲቀመጡ፣ አዲስ አበባ ያደጉት የልጅ ልጆቻቸው የሚያነቡት የሕይወት ታሪክ በአማርኛ ማስጻፍ አማራቸው። እኔ ሮቤ አስተምር ስለነበር ቅዳሜ ቅዳሜ ላፕቶፔን ይዤ በሚኒባስ እሄዳለሁ። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እተይባለሁ።

ላፕቶፑን ያገለገለ ነው የገዛሁት። አንድ መጥፎ ዓመል ነበረው። በማውስ ፈንታ በጣት የሚነካው ሰሌዳ ከፊደሎቹ ሥር ሰፊ ቦታ ይዞ ተንጣሏል። ሲተይቡ መዳፍ የሚያርፈውም እዚያው ላይ ነው። መዳፌ ትንሽ ነካ ካደረገው ያዘዝኩት ይመስለውና፣ የምጽፈውን ወስዶ ሌላ መስመር ላይ ይጥለዋል። የሠራው ሰው እጁን የት አሳርፎ እንደሚጽፍ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ላጠፋው ብሞክር አልጠፋ አለ። ካርቶን ቆርጬ ብለጥፍበትም፣ በጎባ ብርድ ያለ ሹራብ አይተየብምና እጅጌዬ እየጎተተ ያነሳዋል።

የጠፋውን ዓረፍተ ነገር ፍለጋ ወደ ላይ ስወጣ አባቴ፣ "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ምነው ቆምሽ?" ይሉኛል።

"ጠፍቶብኝ ነው አባ። ትንሽ ይታገሱኝ።"

"የት ይሄዳል? አሁን ነገርኩሽ እኮ" ይሉና ካቆሙበት ሳይሆን ከመጀመሪያው ይጀምራሉ።

የተበተነውን ሁሉ ለቅሜ የመለስኩ መስሎኝ ነበር። ለኢድ ቤተሰቡ ሲሰበሰብ የመጀመሪያውን ክፍል አሳትሜ ወሰድኩላቸው። ከምሳ በኋላ አባቴ መነጽራቸውን አደረጉና ጮክ ብለው ያነቡልን ጀመር። ጊኒር ገበያ እናቴን መጀመሪያ ያዩበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ለስለስ አለ።

"ዓይኖቿ ትልልቅ ነበሩ። እሷን ካየሁ በኋላ ሌላ ማየት አቆምኩ። የሳኔቲን አምባ አቋርጣ ሪራ ድረስ ሳትደክም ታደርሰኛለች፤ ብቻ ከኋላዋ ሲጠጓት ትራገጣለች።"

መጨረሻ ያነበቡት ዓረፍተ ነገር ስለ በቅሏቸው የነገሩኝ ነበር፤ ገጾች ዘሎ መጥቶ እናቴ ላይ አርፏል። አባቴ ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ደግመው አዩት።

"ይሄ የኔ ቃል አይደለም" አሉ ወደ እኔ ዞረው።

"የርስዎ ነው አባ፣ ስለ በቅሎዋ ያሉት። ላፕቶፑ ነው ቦታውን ያሳተው" አልኩ። ፊቴ ጋለ።

እናቴ ሻርፗን አፏ ላይ ይዛ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። አስከፋኋት ብዬ ደነገጥኩ። ለካ ሳቅ አፍኗት ነው።

"ወላሂ፣ መራገጡ እውነት ነው። እንዳታጠፊው" አለችኝ።

ሁላችንም ሳቅን፤ አባቴ ግን ዘግይተው ነው የሳቁት። ሳቁ በረድ ሲል እናቴ፣ "ደግሞ መጀመሪያ የተያየነው ገበያ አይደለም" አለች። "አባቴ ቤት ነው፣ ላማችን ታማ አባትሽ ሊያክማት የመጣ ጊዜ። እጁን ሊታጠብ ሲል ውሃ ያፈሰስኩለት እኔ ነኝ። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።"

"አንቺ ነበርሽ?" አሉ አባቴ።

"እኔ ነበርኩ።"

አባቴ መነጽራቸውን አውልቀው ትክ ብለው አዩዋት። ያን ሁሉ ዘመን አብረው ሲኖሩ አንድም ቀን አልነገረቻቸውም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስሄድ እናቴ ከአባቴ ጎን ወንበር ስባ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። አባቴ ሲሳሳቱ ታርማቸዋለች፤ እሳቸው ይከራከራሉ። በኦሮምኛ ክርክር ይገጥሙና እኔ ጣቶቼን አንስቼ ስጠብቃቸው ሲያዩ ወደ አማርኛ ይመለሳሉ። ሥራው እንደ ድሮው አልፈጠነም፤ ማናችንም ግን አልቸኮልንም። ስለ ሠርጋቸው ወደሚያወራው ክፍል ስንደርስ አባቴ ሊጀምሩ ካሉ በኋላ ተዉትና ወደ እናቴ ዞሩ።

"ይህን እሷ ትንገርሽ" አሉኝ፣ እጃቸውን አጣምረው ሊያዳምጧት እየተመቻቹ።