ከፊት የምትቀመጠው እናቴ

መካነ ሰላም ውስጥ አዋላጅ ነርስ ነኝ። በየወሩ ነፍሰ ጡሮችንና ባሎቻቸውን ሰብስቤ አስተምራለሁ። እንገሩን አትድፉት፣ ለጨቅላ ቅቤ አታስልሱ፣ እስከ ስድስት ወር ከጡት በቀር ውኃም አትስጡ እላለሁ። ከዚያ ወደ ጥርስ እገባለሁ። እኛ አገር ሕፃን ካተኮሰውና ካስቀመጠው «ግግ ነው» ይባልና፣ ገና ያልበቀለ ጥርሱን ከድዱ ውስጥ በወስፌ ቆፍረው ያወጡለታል። ቁስሉ ይመረቅዛል፣ በኋላ የሚበቅለውም ጥርስ ይበላሻል ስል ባሎች ጣራ ጣራውን ያያሉ።

እዚህ ላይ የምትደርስልኝ እናቴ ነበረች። ልታርሰኝ ከአቀስታ መጥታ እኔው ዘንድ ቀርታለች። የስብሰባ ቀን ልጄን አዝላ ትመጣና ከፊት ትቀመጣለች። ዝምታው ሲበዛ ትነሣና፣ እሷ ባለማወቅ ልጆቿን ሁሉ ግግ እንዳስወጣች፣ እነሱ ግን እኔን መስማት እንዳለባቸው ትነግራቸዋለች። ያኔ ሴቶቹ ራሳቸውን በአዎንታ ይነቀንቃሉ። ለጨቅላ ቅቤ አይሰጥ እያልኩ የእኔ አንጀት ግን ቅቤ ይጠጣ ነበር።

የወሊድ ፈቃዴ አልቆ ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ወር ልጄን ተቅማጥ ያዘው። ትኩሳትም ነበረው። አስመረመርኩት፤ ሐኪሙ ያዘዘለትን ጀመርኩለት፣ እንዴት እንደሚሰጥም ለእናቴ አሳየኋት። «አብሽሪ፣ ይሻለዋል» አለችኝ። በማግስቱ አምኛት ሥራ ሄድኩ።

ማታ ከሥራ ስገባ ልጁ ጡቴን ጎረሰና ወዲያው ጮኸ። ደግሜ ሰጠሁት፤ ፊቱን አዞረ። ርቦታል፣ ይፈልገኛል፣ ግን ጡቱ አፉን ሲነካው ያለቅሳል። አፉን ከፍቼ አየሁ። የታችኛው ድዱ ግራና ቀኝ ተቦድሶ ደም ረግቶበታል።

እናቴ አጠገቤ የልጁን ጨርቅ ታጥፍ ነበር። አልካደችም። ከገበያው በላይ ወዳለው ግግ አውጪ ሽማግሌ ዘንድ ራሷ ነበረች የወሰደችው።

«ሲሞት ቁጭ ብዬ ልየው?» አለችኝ።

«ታዲያ ስብሰባ ላይ የምትናገሪው ምንድን ነው?»

«እሱማ ያንቺ እንጀራ ነው። ልጄን ሰው ፊት ላዋርዳት?»

ጨርቁን ማጠፏን አላቆመችም። ሴቶቹስ አልኳት፣ እነዚያ ራሳቸውን የሚነቀንቁት። ስብሰባው አልቆ ሲወጡ በር ላይ ይጠይቋት ኖሯል። ሽማግሌው እጁ ቀላል ነው ትላቸዋለች፣ ቤቱንም ታሳያቸዋለች። ይህን የነገረችኝ እንደ ውለታ ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ የእኔን አጥር ግን የነቀነቀችው የገዛ እናቴ ናት። እንደዚያ ቀን ተከድቼ አላውቅም። ውጪልኝ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

አላልኳትም። ልጁን ጤና ጣቢያ ወስጄ አሳከምኩት፤ ትኩሳቱ በረደ፣ ድዱ ግን ቶሎ አልሻረም። እስኪሽር ድረስ ወተቴን እያለብኩ በማንኪያ ልሰጠው ሞከርኩ። እኔ ሳቅፈው ግን ጡቱ ይሸተውና ያ ሕመም ይመጣበታል መሰለኝ፣ ተንፈራግጦ ያለቅሳል። ከእሷ እቅፍ ሲሆን ጸጥ ብሎ ይጠጣል። ስለዚህ ጓዳ ገብቼ አልብና፣ ፊቷን ሳላይ ወተቱን አቀብላታለሁ።