ትራሷ ሥር ያለው ብረት

ክሊኒካችን ጭድ ተራ አጠገብ ነበር። ከስድስተኛ ክፍል በላይ ስላልተማርኩ ድሬሰር እንጂ ነርስ አይሉኝም። ሲስተር ያዘዙትን መርፌ ቤት ለቤት እየዞርኩ እወጋለሁ። ዓይን አፋር ስለነበርኩ ሥራው ተስማምቶኛል፤ የሰው ፊት ማየት አያስፈልግም።

ጎጃም በረንዳ ጀርባ አንዲት አራስ ነበረች። ጡቷ መግል ስለያዘ ዐሥር ቀን ፔኒሲሊን ታዞላታል። የወለደችው ሴት ስለሆነች ክርስትናው በሰማንያ ቀን ነው። እስከዚያ ሰይጣን እንዳይተናኮላት ትራሷ ሥር ቢላዋ አስቀምጠውላታል። እናቴም ስትወልድ እንዲሁ ስለተደረገላት አልገረመኝም።

በአራተኛው ቀን መርፌውን ስነቅል እጄን ያዘችኝ።

"እህቴ፣ ይሄን ብረት ውሰጂልኝ። ልጅቷ ስታለቅስ እጄ ወደሱ ይሄዳል።"

አማቷ ከበሩ ሆነው ሰሙ።

"ሰማሽ? ብረት የሚፈራው እኮ ላይዋ ያለው ነው!"

"እማማ፣ እሷ ግን..."

"አንቺ መርፌሽን ውጊ! የመንፈስ ነገር ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ያወቅሽው?"

በማግስቱ ከቢላዋው ጎን ማጭድ ተጨምሯል። ውሰዱልኝ ባለች ቁጥር ብረት ይጨምሩላታል። በስድስተኛው ቀን መለመኗን ተወች።

"ዛሬስ ለቀቃት፤ ተመስገን" አሉኝ አማቷ።

እኔን ግን ዝምታዋ አስፈራኝ። ጡቷ እየዳነ ነው፤ ትኩሳት የለም። የአእምሮ ነገር ራሱን የቻለ ሆስፒታል አለው፣ እኛን አይመለከትም ብዬ ነበር የማስበው። እንዲያም ሆኖ ክሊኒክ ስመለስ ሲስተር ፊት ቆሜ ቀረሁ።

"ምን ሆንሽ?"

እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው። ጓንታቸውን አወለቁ።

"ይሄም እንደ ጡቷ ሕመም ነው። በሽተኛ እንደጨረስኩ እመጣለሁ። አማቷ አይሰሙሽም፤ ሮጠሽ ለባሏ ንገሪ።"

ባሏ በርበሬ በረንዳ ነጋዴ ናቸው። ሱቁ በሰው ተሞልቶ ሁሉንም ያስነጥሰዋል።

"ጋሼ፣ ለብቻዎ ላናግርዎ?"

"አሃ! ጋሼ፣ ይቺን የት ደብቀዋት ነበር?" አለ አንዱ ተሸካሚ። ሳቁብኝ።

"እዚሁ ተናገሪ" አሉኝ።

"ባለቤትዎ ልጇን እንዳትጎዳ ፈርታለች። ብረቱን አንሱልኝ ስትል እናትዎ ጨመሩባት።"

ሳቁ ጠፋ።

"ሚስቴን በሰው ፊት እብድ ትያታለሽ?"

"አላልኩም ጋሼ። ሄደው ራስዋን ይጠይቋት።"

ሚዛኑን እንደያዙ ትንሽ አዩኝ። ከዚያ አስቀምጠውት ወጡ። በሩጫ ተከተልኳቸው።

አማቷ ደጅ ጨርቅ ያሰጣሉ። ከውስጥ ድምፅ አይሰማም።

"ቀስ በሉ፣ ሁለቱም ተኝተዋል" አሉ።

ሕፃኗ አልጋው ላይ ብቻዋን ነበረች። ጠጋ ብዬ ትንፋሿን ሰማሁ። እናትየዋ ከአልጋው ራቅ ብላ፣ ጥግ ላይ፣ ሁለት እጆቿን ከጭኖቿ ሥር አድርጋ ተቀምጣባቸዋለች።

"ምን ሆነሽ ነው?" አሏት ባሏ።

"እጆቼን ያዝልኝ። እኔ ደከመኝ።"

መሬት ተቀምጠው ያዟት። እኔ ብረቶቹን አወጣሁ፤ አማቷ አልከለከሉኝም።

ሲስተር እንዳሉት መጡ። እስኪሻላት ከሕፃኗ ጋር ለብቻዋ እንዳትተው አዘዙ፤ በየሳምንቱም ይመላለሱ ነበር። እኔንም ከዚያ በኋላ አራሶችን እንቅልፋቸውንና የሚያስፈራቸውን ነገር ሳልጠይቅ መርፌ እንዳልወጋ አዘዙኝ። በማግስቱ የመጀመሪያዋን አራስ ጠየቅኳት። ተነስታ ሌላ ሰው እንዳይሰማን በሩን ዘጋችና እንደገና ተቀመጠች።