ዘጠነኛው ፀጉር አስተካካይ

ባሌ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ሰፈሩ የሚያውቀው ግን «ጭጭ» በሚለው ቅጽል ስሙ ነው። ወሬ አይወድም። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ደንበኛ አፉን ሲከፍት «ጭጭ!» ይለዋል፤ መቀሱ ጆሮ ሥር ስለሆነ ማንም አይከራከረውም። ልጅ ሲመጣበትማ ይብስበታል። «የልጅ ጭንቅላት አንድ ቦታ አይረጋም» እያለ ወደ ጎረቤት ፀጉር ቤት ይሸኘዋል።

እኔ ደግሞ ልጅ ነፍሴ ነው። ፈጣሪ አልሰጠንም። እንግዲያው ወላጅ የሌለው ልጅ እናሳድግ ብዬ ዐሥራ አንድ ዓመት ለመንኩት። ሦስት ጊዜ ቅጽ አምጥቼ፣ በበኩሌ ፈርሜ፣ ለእሱ ፊርማ ቦታውን ክፍት ትቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩለት። ሦስቱንም ጊዜ አሮጌ ምላጭ ጠቅልሎበት አገኘሁት።

ይኸው ሰውዬ፣ የፀጉር አስተካካዮች ማኅበራቸው «ባሕር ማዶ ሄዶ ወላጅ አልባ ልጆችን ሦስት ወር በነጻ የሚያገለግል ማን ነው?» ሲል እጁን አወጣ። አንጀቱ ተላውሶ እንዳይመስላችሁ፤ አውሮፕላን ተሳፍሮ ስለማያውቅ ነው። ደሜ ፈላ።

«የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ! እዚህ ያሉትን ልጆች እምቢ ብለህ የሰው አገር ልጅ ልታስተካክል?»

«እነሱ ቋንቋዬን አያውቁም፤ አያወሩኝም» አለ።

በሄደ በሁለተኛው ሳምንት ደወለ። ስልኩን ወደ ልጆቹ ሲያዞረው አርባ ልጅ በአንድ ድምፅ «ጭጭ!» አለኝ።

«ማንን ነው ጭጭ የሚሉት?» ብዬ ጮህኩ።

«ሰላምታ መስሏቸው ነው» አለ ባሌ፣ በሳቅ እየፈረሰ። ወንበሩ ላይ በተቀመጡ ቁጥር ሲላቸው ጊዜ «እንደምን አደራችሁ» ማለት መስሏቸዋል። የማሳደጊያው ኃላፊ ስትገባ «ጭጭ!»፣ እንግዳ ሲመጣ «ጭጭ!»፣ አንድ ሹም ንግግር ሊያደርግ ሲነሳም ብድግ ብለው «ጭጭ!»። ሹሙ ጎንበስ ብሎ በአክብሮት «ጭጭ» ብሎ መለሰላቸው አሉ። እኔን የገረመኝ ሹሙ አይደለም፤ የባሌ ሳቅ ነው። በሃያ ዓመት ትዳር እንዲያ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም። ቀናሁ። አዎ፣ ባላየኋቸው ልጆች ቀናሁ።

ከዚያ ወዲያ በደወለ ቁጥር ወሬው አያልቅም። የአንዷ ጥርስ ወለቀ፤ አንዱ በግራ እጁ ይጽፋል፤ አንዷ የተቆረጠ ፀጉሯን ከወለሉ ለቅማ «መልሰህ ትከልልኝ» ብላ በምልክት ትለምነዋለች። እኔ ስልኩን ይዤ «እህ» ከማለት በቀር መግቢያ አጣሁ።

ሲመለስ ግን ፊቱ እንደ ጠቆረ ሦስት ቀን ከረመ። በአራተኛው ቀን የፀጉር ቤቱን መስተዋት እየወለወለ አወጣው።

«ስሰናበታቸው ያለቅሳሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። መሐረብ ሁሉ ገዝቼ።»

«እሺ?»

«አላለቀሱም። እጃቸውን አወዛወዙልኝና ወደ ኳሳቸው ሮጡ። ኃላፊዋን በአስተርጓሚ ‹ምነው?› ብላት ‹አይክፋህ፣ ለምደውታል፤ አንተ ዘጠነኛቸው ነህ› አለችኝ።»

መሐረቡን በእንባ ያራሰው ማን እንደሆነ ከዓይኑ ገባኝ። እሰይ፣ ደግ አደረጉህ ልለው ፈልጌ አፌ እምቢ አለኝ።

«መጥቶ የሚሄድ ሰው ሞልቷቸው እኔም አንድ ጨመርኩላቸው» አለ። ቀጥሎም ወደ እኔ ሳይዞር «ያ ቅጽ አለ?» አለኝ።

«ምላጭ ጠቅልለህ ጥለኸዋል!»

«ሌላ አምጪያ።»

ደስ ሊለኝ ሲገባ ተንጨረጨርኩ። ለእኔ ዐሥራ አንድ ዓመት የተደፈነ ጆሮ ለባዕድ በሦስት ወር ይከፈት? ደግሞስ አሁን በአርባ ስምንት ዓመቴ ማን ልጅ አምኖ ይሰጠኛል? አንድ ሳምንት አኮረፍኩ። በስምንተኛው ቀን ሄጄ ቅጹን አመጣሁ፤ ኩርፊያ ልጅ አይሆንም።

የከተማችን ማሳደጊያ ሠራተኞች ቤታችንን አዩ፣ ጎረቤት ጠየቁ፣ ደማችንን አስመረመሩ፣ ሰባት ወር አመላለሱን። ወረቀቱ ሁሉ ያለቀ ዕለት ቢሯቸው ጠሩንና የስድስት ዓመት ልጅ አምጥተው ፊታችን አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጧትና በሩን ገርበብ አድርገው ወጡ። ልብሷን በፌስታል ይዛለች። ባሌ ለአርባ ልጅ የተፈታ ምላሱ ለአንዷ ታሰረ፤ ሸሚዙን ይቆልፋል፣ ይፈታል። ልጅቷ አንዴ እሱን አንዴ እኔን አየችና፣

«ስንት ቀን ትቆያላችሁ?» አለች።

ባሌ አንገቱን ደፋ። እኔ አጠገቧ ተቀመጥኩና፣

«እስክታገቢ ድረስ» አልኳት።

ጥቂት አሰበችና አፍንጫዋን ጨመደደች።

«እኔ እኮ አላገባም።»

«እንግዲህ ምን ይደረጋል» አለ ባሌ፣ ፌስታሏን ከእጇ ተቀብሎ፤ «መቆየታችን ነዋ!»