ሃይድሮኮርቲሶን እንጀምርላቸው ያልኩ ቀን

ድሬዳዋ ውስጥ በፅኑ ሕሙማን ክፍል ነርስ ሆኜ ስሠራ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። በነዚህ ዓመታት ብዙ አዝኛለሁ፣ ተሳስቼም አውቃለሁ። አንዱን ቀን ግን ሳስበው እስካሁን ደረቴ ይነፋል።

ሴትዮዋ የመጡት ከመልካ ጀብዱ ነው። ዕድሜያቸው ሃምሳዎቹን ያጋመሰ፣ ገበያ ላይ ቲማቲምና ሽንኩርት የሚሸጡ እናት ናቸው። ወገባቸውን እያመማቸው፣ እያተኮሳቸው፣ "ብርድ ነው" ብለው የሕመም ማስታገሻ እየዋጡ አራት ቀን ገበያ ውለዋል። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ንግግራቸው አልያያዝ አለ። ባለቤታቸው ጡረታ የወጡ የባቡር መካኒክ ናቸው፤ በጎረቤት ባጃጅ ደግፈው አመጧቸው።

እኛ ጋ ሲደርሱ የደም ግፊታቸው ሰባ በአርባ ነበር። ከኩላሊት የተነሳው ኢንፌክሽን ደማቸው ውስጥ ገብቶ፣ ደም ለአካላቸው በቅጡ የማይዳረስበት ሾክ ላይ ጥሏቸዋል። ተረኛው ሐኪም ከመጣ ገና ወሩ የሆነ ወጣት ነው፤ እጁ ግን ፈጣን ነው። ወዲያው ደም ቀድተን ለምርመራ ላክን፣ አንቲባዮቲክ ጀመርን፣ በሁለቱም እጃቸው ፈሳሽ ለቀቅን። ግፊቱ አልነሳ ሲል ደም ሥርን አጥብቆ ግፊት ከፍ የሚያደርገውን ኖርአድሬናሊን ጨመርንበት። መጠኑን ከፍ አደረግን፣ እንደገና ከፍ አደረግን። ሰባት ሰዓት ሲሆን የክፍሉ ኮርኒስ በሙቀት ይንጣጣል፤ የእሳቸው እግር ግን ቀዝቃዛ ነው። ግፊቱ ሰባ አምስትን አላለፈም፤ ሽንታቸውም ቆሟል።

ባለቤታቸው በር ላይ ያዙኝ። "ሲስተር፣ አዲስ አበባ ልውሰዳት?"

"አባባ፣ መንገዱን አይችሉትም። እዚሁ እየታገልን ነው፣ አብሽሩ" አልኳቸው።

ተመልሼ ስገባ ሐኪሙ ሞኒተሩ ላይ አፍጥጦ ቆሟል። ከጥቂት ወራት በፊት ስለ ሾክ ሕክምና የወሰድኩት ሥልጠና ትዝ አለኝ። ነርስ ለሐኪም መድኃኒት ስትጠቁም ሁሉም በደስታ አይቀበላትም፤ ቢሆንም ተናገርኩ።

"ዶክተር፣ ሃይድሮኮርቲሶን ብንጀምርላቸውስ?"

ዞሮ አየኝ። "ስቴሮይድ? ኢንፌክሽን ላይ? የሰውነት መከላከያዋን ብናዳክምባትስ?"

"እኔም መጀመሪያ ስማር እንደዚያ ነበር የማስበው። ግን አንቲባዮቲኩ እየገባ ነው፣ ፈሳሹም በቂ ነው። ኖርአድሬናሊኑም በዚህ መጠን አራት ሰዓት አልፎት ግፊቱ አልተነሳም። ሥልጠናው ላይ እንዲህ ሲሆን ነው ይሰጥ ያሉን።"

አልተቆጣም፤ ዝም ብሎም አልተቀበለኝም። ስልኩን አንስቶ ወደ ክፍላችን ስፔሻሊስት ሐኪም ደወለና ድምፁን ለሁላችንም ከፈተው። እሷ የኖርአድሬናሊኑን መጠንና ስንት ሰዓት እንደሆነው ጠየቀች፤ እኔ ከቻርቱ አነበብኩላት።

"ሲስተር ልክ ናት። ሃምሳ ሚሊግራም በየስድስት ሰዓቱ። የታካሚዋን ስኳር እየለካችሁ" አለች።

መድኃኒቱ ብርቅ አልነበረም፤ ለአስም ሕሙማን ብለን ድንገተኛ ክፍል ሁልጊዜ የምናስቀምጠው ነው። ዱቄቱን አሟሟሁና ቀስ ብዬ ሰጠኋቸው። ከዚያ በየሩብ ሰዓቱ ግፊት ስለካ ዋልኩ። ሰማንያ። ሰማንያ ሁለት። ተመልሶ ሰባ ስምንት። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ዘጠና አራት ሆነ፤ የሽንት ከረጢቱ ውስጥም ትንሽ ቢጫ ፈሳሽ ታየ። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ ከረጢቱን አየና ትከሻዬን መታ አደረገኝ።

ባለቤታቸው ምን እንደሰጠናቸው ጠየቁኝ። ከኩላሊት በላይ ያለች ትንሽ እጢ በጭንቅ ጊዜ የምታመነጨው ነገር እንዳለ፣ ሕመም ሲበረታ እሱ ብቻውን እንደማይበቃ፣ መድኃኒቱም ያንን እንደሚያግዝ ነገርኳቸው። "በሽታውን የሚገድለው ግን አንቲባዮቲኩ ነው" አልኳቸው። አንገታቸውን ነቀነቁ፤ መካኒክ ናቸው፣ የቱ ክፍል ምን እንደሚሠራ ሲነገራቸው ይረጋጋሉ።

በማግስቱ ኖርአድሬናሊኑን መቀነስ ጀመርን፣ በሦስተኛው ቀን አቆምነው። ያን ቀን ባለቤታቸው አልጋው ጠርዝ ላይ ሆነው "ጂርታ?" አሏቸው በኦሮምኛ፤ አለሽ ወይ ማለታቸው ነው።

"ጂራ" አሉ፤ አለሁ። ቀጥለውም ያመጡላቸው ሾርባ በርበሬ እንደሌለው አማረሩ።

በማግስቱ ጠዋት በሥራ ርክክብ ላይ ወጣቱ ሐኪም የሴትዮዋን ታሪክ ለሁሉም ሲያቀርብ ስቴሮይዱ ጋ ሲደርስ ቆም አለ። "ይሄ የኔ ሐሳብ አልነበረም። የሲስተር ነው" አለ። ስፔሻሊስቷ፣ ሌሎቹ ሐኪሞች፣ የሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ ወደኔ ዞሩ። እኔ ቻርቱን አገላበጥኩ፤ ውስጤ ግን በኩራት ሞልቶ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ለብዙዎች ሰጥተናል። ያልዳኑም አሉ፤ ተአምር አይደለም። አሁን ግን ግፊት አልነሳ ሲል አዲሶቹ ነርሶች ራሳቸው ሰዓት ቆጥረው "ስቴሮይዱስ?" ይላሉ። ሐኪሞቹም ቆመው ይሰሟቸዋል። እኔም በልቤ፣ ይሄን ያስለመድነው እኛ ነን እላለሁ።