ገላጋይ ያባረርሁ ቀን

በደርግ ዘመን፣ ሱዳን ውስጥ ገዳሪፍ አጠገብ በነበረው የስደተኞች መጠለያ የጤና ረዳት ነበርሁ። እዚያ ከበሽታው ይልቅ የሚያናድደኝ ገላጋዩ ነበር። አንድ ሰው ሲቆጣ አሥሩ ተረባርቦ ይይዘዋል፤ እሱም በተያዘ ቁጥር ይብስበታል። የክሊኒካችን ነርስ ያስተማረችን ግን መውጫውን እንዳንዘጋበት፣ እጃችንንም እንዳናሳርፍበት ነው።

አንድ ቀን ከመተማ ቆላ ብቻውን የመጣ ገበሬ ክሊኒኩ ውስጥ ወረፋ ጠብቅ ቢሉት ጠረጴዛውን ገልብጦ በርጩማ አነሳ። «ውጡልኝ!» ብዬ ገላጋዮቹን በሙሉ አስወጣሁ። ከዚያ ራቅ ብዬ ቆምሁና «ወንድሜ፣ እየሰማሁህ ነው» አልሁት።

በርጩማውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ባዶውን ክፍል ዞር ዞር ብሎ አየ።

«ወንድሞቼ ቢኖሩ ይይዙኝ ነበር» አለና አለቀሰ።

እኔ የተማርሁት ራቅ ብሎ መቆምን ብቻ ነበር። እንደቆምሁ ቀረሁ።