ለአባቴ ውሻ ያላፏጨሁት ፉጨት

አባቴን ስትሮክ የመታቸው በዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ ነው። ቀኝ እጃቸው ዛለ፤ አፋቸው ወደ ግራ ተጣመመ። ሐኪሙ ስለ እጃቸውና ስለ እግራቸው በዝርዝር አስረዳን። ስለ ፉጨታቸው ያነሣ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ከሆስፒታል በወጡ በሦስተኛው ቀን ግን በረንዳው ላይ ተቀምጠው፣ ከሰፈር ውሾች ጋር የወጣውን ውሻቸውን ሊጠሩ ከንፈራቸውን ሲያሾሉ፣ የወጣው ትንፋሽና ምራቅ ብቻ ሆነ። ደጋግመው ሞከሩ። በመስኮት አያቸው ነበር፤ አገጫቸውን እስኪጠርጉ ድረስ ጠብቄ ወጣሁ።

«በስሙ ልጥራው?» አልኋቸው።

«በስሙ አይመጣም» አሉኝ። ቃሉ በአፋቸው ጥግ ፈሰሰ።

እውነታቸውን ነበር። በአገራችን ለውሻ ስም የሚወጣለት ለራሱ ሳይሆን ጎረቤት እንዲሰማው ነው። የዚህ ውሻ ስም ሙሉ ዐረፍተ ነገር ነው፤ እዚህ አልጽፈውም፤ አጥር የሚገፋ ሰው ከፈጣሪ ዓይን አያመልጥም እንደ ማለት ነው። አጥር ገፍተዋል የተባሉት በስተምሥራቅ የሚያዋስኑን አሮጊት ነበሩ። አባቴ ስድስት ዓመት ሙሉ በየማለዳው ወደ አጥሩ ዞረው ያንን ዐረፍተ ነገር ጮኸውታል፤ አብዛኛውን ጊዜ ውሻው እግራቸው ሥር ተኝቶ ሳለ። ስለዚህ ስሙ እሱን የማይመለከት ጫጫታ መሆኑን ተማረ። የእሱ የነበረው ጥሪ ፉጨት ብቻ ነው፤ አንድ ረዥም፣ ሁለት አጭር። ይህን ከሰማ፣ ከጮቄ ተራራ ግርጌ በጆንያ ታዝሎ የመጣው ያ ውሻ ከምንም ዓይነት የውሻ ጉባኤ መካከል ተፈናጥሮ ይመጣ ነበር።

ማፏጨት እችል ነበር። በስምንት ዓመቴ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ በራሴ ደርሼበት፣ ከበራችን እስክደርስ ድረስ እያፏጨሁ መጣሁ። አባቴ በሩ ላይ ቆመው ነበር። በእጃቸው ጀርባ አፌን መቱኝ። «ሴት ልጅ አታፏጭም» አሉ። የሒሳብ መምህር ነበሩ፤ ለሁሉም ነገር ማረጋገጫ ይጠይቁ ነበር፤ ያለ ማረጋገጫ ያስተማሩኝ አንድ ሕግ ይህ ነው። ከዚያ ወዲህ ሦስት ዲግሪ ተቀብያለሁ፣ አግብቼ ፈትቻለሁ፣ ወደ አባቴ ቤት ተመልሼ ደብረ ማርቆስ ላይ የምርምር ስልት አስተምራለሁ። አፏጭቼ ግን አላውቅም።

በጾሙ አጋማሽ አንድ ያበደ ውሻ ሁለት ሰው ነከሰ። የሰፈራችን ዕድር ተሰበሰበና ከፋሲካ በኋላ፣ አጥንት በየደጁ በሚጣልበት ጊዜ፣ ባለቤት ለሌላቸው ውሾች መርዝ የተቀባ ሥጋ እንዲጣል ተስማማ። ውሳኔውን አልነቅፈውም፤ እጄን አውጥቼ ደግፌዋለሁ። ውሻ ያለው ይሰር ተባለ። የእኛው ግን ታስሮ ያደገ አልነበረም። በሰንሰለት ባሰርሁት ቀን እስኪመሽ አላዘነ፤ አባቴም አብረውት አለቀሱ። ከስትሮክ በኋላ እንባ ቶሎ ይመጣባቸዋል ተብለን ነበር፤ ያም ሆኖ ያለቀሱት ለእሱ ነው። በሩን መዝጋትም አይቻልም ነበር። አባቴን ሊጠይቅ የሚመጣው ሰው ብዙ ነው፤ በመጣ ቁጥር በሩ ይከፈታል።

«አፏጪለት» አሉኝ በነጋታው።

«ሴት ልጅ አታፏጭም» አልኋቸው።

ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ። ቀጥለው፦ «ግቢ ውስጥ» አሉ።

ይቅርታ አልነበረም፤ የተሻሻለ መመሪያ ነበር። ተቀበልሁት።

ሥጋ ቤቶች በጾሙ ምክንያት ተዘግተው ስለነበር በተቀቀለ እንቁላል ጀመርሁ። በመጀመሪያ ከአጠገቤ ሳይርቅ፤ ቀጥሎ ከግቢው ዳር፤ ቀጥሎ በረዥም ገመድ ይዤው፣ በሩ ተከፍቶ ሌሎች ውሾች በመንገድ ሲያልፉ። የተመቱ ከንፈሮቼ መጀመሪያ አልታዘዙኝም። በአራተኛው ቀን ድምፁ ወጣ፤ ውሻው ዞር ብሎ አላየኝም፤ አባቴን ነው ያየው። ደብተር ይዤ አራት ረድፍ አሰመርሁ፤ ርቀት፣ የሌሎች ውሾች ብዛት፣ ጥሪ፣ ውጤት። በሦስተኛው ረድፍ ስንት ጊዜ እንዳፏጨሁ እጽፍ ነበር። ከሁለት በላይ ካስፈለገ ርቀቱን መልሼ አሳጥራለሁ።

አባቴ በረንዳው ላይ ሆነው ያርሙኝ ነበር።

«ከመጣ በኋላ አትያዢው» አሉኝ አንድ ቀን። «ስጪውና መልሰሽ ልቀቂው፤ ወደ ጓደኞቹ ይሂድ። መምጣት መታሰሪያ ከሆነበት ሁለተኛ አይመጣም።»

ይህን በደብተሩ ላይ ጻፍሁት፤ ትክክል ነውና። ለውሻ ያን ያህል የሚያውቁ ሰው፣ ሻንጣዬን ይዤ በተመለስሁ ጊዜ የተናገሩኝን የመጀመሪያ ነገርም አስታወስሁ፤ «እንግዲህ ከዚህ አትወጪም» ነበር ያሉኝ።

ጎረቤታችን አሮጊት በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ።

«ዶክተር! እረኛ ቀጠራችሁ እንዴ?»

«አባባ ናቸው፣ እማማ።»

«በዚያ በጠመመ አፋቸው?» ሳቁ። «እንግዲያ ድነዋል በይኛ! ልምጣና እልል ልበልላቸው።»

የያዝሁትን እንቁላል ከጀርባዬ ደበቅሁ።

«አይዞሽ፣ ለማንም አልናገር። ሰማንያ ዓመት ሳላፏጭ ኖሬ ምን ተረፈኝ? ደግሞ ያን ውሻ በስሙ ከምትጠሩብኝ ብታፏጩለት ለእኔም ይሻለኛል።»

ከዚያ ወዲህ ወደ ሮብ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር ወዳለው ባሕር ዛፍ ጎሕ ሲቀድ እወስደው ጀመር። በዚያ ሰዓት የሚያየኝ ተማሪ የለም። የገጠር ውሾች ከመንጋቸው ጋር ያልፋሉ፤ እሱ ይሮጥላቸዋል፤ እኔ ጆሮው እስኪንቀሳቀስ ጠብቄ አፏጫለሁ። ከፋሲካ በኋላ እንቁላሉን በጉበት ለወጥሁት። አንድ ነገር ራሱ ጨመረበት፤ ከሌሎች ውሾች ጋር ሆኖ እኔን ካየ ይቆማል፣ ጆሮውን ያቆማል፣ ፉጨቱን ይጠብቃል። ሳፏጭለት ይመጣል፣ ከፊቴ ቁጭ ይላል። የመጨረሻዎቹ አሥራ አንድ መስመሮች ሁሉ፦ ጥሪ አንድ፤ ውጤት፣ መጣ። ለአባቴ አነበብሁላቸው። በሕይወቴ ካመጣኋቸው ውጤቶች ሁሉ እንደገና እንዳነብላቸው የጠየቁኝ ይህን ብቻ ነው።

የዕድሩ ጡሩንባ ነፊ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ በየመንገዱ ዞረ። «ውሻ ያላችሁ እሰሩ! ከነገ ጀምሮ ሦስት ቀን!» አሰርሁት። አባቴ ጎን ይሁን ብዬ ሰንሰለቱን በበረንዳው ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር እግር አጠለቅሁት፤ ከባድ አግዳሚ ነው፣ ውሻ አይጎትተውም። በሁለተኛው ቀን ማለዳ ያው ጡሩንባ እንደገና ተነፋ። ጎረቤታችን አሮጊት ዐርፈው ነበር።

ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለቅሶ ቤት ሄድሁ። የዕድሩ ሰዎች ለለቀስተኛ መቀመጫ ከየቤቱ አግዳሚ ሲሰበስቡ ወደ እኛም ገቡ። ይህ የታወቀ ነው፤ አይጠየቅም፣ ይወሰዳል። አግዳሚውን ሲያነሱት ሰንሰለቱ በእግሩ በኩል ሾልኮ ወደቀ። አባቴ ጮኸው ነበር፤ ቃላቸውን የለየ ግን አልነበረም። «እግዚአብሔር ያጽናዎት አባባ» ብለዋቸው ሄዱ። በሩን ክፍት ትተውታል። ለጎረቤታቸው ያለቀሱ መስሏቸው ነው፤ ይህን በኋላ ከራሳቸው ሰማሁ።

አስከሬኑ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ፣ ከወፍጮ ቤቱ ማዕዘን ላይ ለጸሎት ቆመ። ሰው ሁሉ ጸጥ አለ። ካህኑ ያነቡ ነበር። በስተግራዬ የሥራ ባልደረቦቼ፣ በስተቀኜ የሟች ልጆች ነበሩ። ከመንገዱ ዳር ወዳለው ቦይ ዞር ስል አየሁት። ሠላሳ እርምጃ ይሆናል። አራት ውሾች ከአንድ ቀይ ነገር ላይ ተደርበዋል፤ አምስተኛው ሰንሰለቱን እየጎተተ ወደ እነሱ ይሮጣል። ውሻችን ነው። አየኝ፤ ቆመ፤ ጆሮውን አቆመ።

በስሙ ልጠራው አልቻልሁም። በስሙ ብጠራው የሟችን ስድብ በሬሳ ሣጥናቸው ላይ መጮኼ ነው፤ ልጆቻቸው አጠገቤ ናቸው፤ ከነሱም ይልቅ ውሻው አይሰማኝም ነበር። የቀረኝ ፉጨት ነው። ከንፈሬን በምላሴ ማርጠቤን አስታውሳለሁ። ወንድ ቢያፏጭ ባለጌ ይሉታል። እኔን አበደች፣ ፍቺው አዞረባት ይሉኛል፤ ሰኞ ክፍል ስገባ ከኋላ ወንበር የሚሰማው ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ሰዎቹን ሰበብ አላደርግም። የሞቱት ሴትዮ ራሳቸው ቢያፏጩለት ይሻለኛል ያሉትን በዚያች ቅጽበት አስታውሼዋለሁ። አስታውሼም አላፏጨሁም። እጄን ከነጠላዬ ሥር አውጥቼ አወዛወዝሁ፤ ያንን ግን አላስተማርሁትም።

ጠበቀኝ። ካህኑ አንድ ሙሉ ምንባብ እስኪጨርሱ ጠበቀኝ። ከዚያ ወደ ቦዩ ዞረ።

ሰልፉ ሲንቀሳቀስ ወደ ኋላ ቀረሁ። ወደ እሱ መሄድ ሳልጀምር እሱ መጣ። ማንም ሳይጠራው፣ ሰንሰለቱን እየጎተተ፣ አፉን እየላሰ መጣና እንደተማረው ከፊቴ ቁጭ አለ። ጉበት የሚጠብቅ ዓይን ነበረው። ባዶ እጄን አሳየሁት። ጥቂት ቆይቶ እግሮቹ እንደ እንጨት ደረቁ። መርዙን እንዲያስመልሰው ዘይት ልለምን ወፍጮ ቤት ሄድሁ፤ ዘጋግተው ለቀብር ሄደዋል። ከተመለስሁ በኋላ ያለውን አልጽፍም።

አባቴ በረንዳው ላይ፣ አግዳሚው ከነበረበት ባዶ ቦታ አጠገብ ተቀምጠው ነበር።

«የታለ?»

«ሥጋውን በላ፣ አባባ። ሞተ።»

ግራ እጃቸው ጉልበታቸውን ጨበጠ። «አይተሽው ነበር?»

«አዎ።»

«አፏጨሽለት?»

«አዎ» አልሁ። «እንቢ አለ። አልመጣም።»

አላለቀሱም። ሊያለቅሱ ይገባ የነበረው ያኔ ነው፤ አላለቀሱም። «እንግዲያ ጥፋቱ የሱ ነው» አሉ።

አሁን ጠያቂ በመጣ ቁጥር ይህን ይናገራሉ። ንግግራቸው ተሻሽሏል፤ ሰው ሁሉ ይሰማቸዋል። «ልጄ በዚያ ሁሉ ለቀስተኛ ፊት አፏጨችለት፤ ውሻ ውሻ ነው፣ ጓደኞቹን ሲያይ እንቢ አላት» ይላሉ፤ ሲሉም ቀና ብለው ነው። ባለፈው እሑድ ከመጡት መካከል የሟች የበኩር ልጅ ነበር። በዚያ ቀን ከጎኔ የቆመ ሰው ነው፤ ማዕዘኑ ላይ ምን እንደተሰማና ምን እንዳልተሰማ ያውቃል። ወደ እኔ ተመለከተ። እኔ የአባቴን ትራስ አስተካክል ነበር።

«እንዲያ ነው ውሻ፣ አባባ» አለ በመጨረሻ።

ደብተሩ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። የመጨረሻውን መስመር የሞላሁት በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው፤ አባቴ እንዳነብላቸው አልጠየቁኝም። ርቀት፦ ሠላሳ እርምጃ። ሌሎች ውሾች፦ አራት። ጥሪ፦ የለም። ውጤት፦ መጣ።