ቀዩን ለይቶ የሚለቅም እጅ

የልጅ ልጄን ቡና መልቀም ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ከጅማ ወጣ ብሎ የቡ በሚባል ገጠር፣ በእናቷ ጓሮ፣ ቅርንጫፉን ጎትቼ ካላወረድኩላት በማትደርስበት ዕድሜ። ቀዩን ብቻ፤ አረንጓዴውን ሳትነካ፣ ቅጠሉን ሳትበጥስ። በኋላ ሁለተኛ ደረጃ ለመማር ጅማ መጥታ መንደራ ቆጪ ሰፈር እኔ ቤት ስትገባ፣ እጇ ከእኔ እጅ ይፈጥን ነበር። በዚያ እጅ እኮራ ነበር። ጉድ የሠራትም እሱ ነው።

ሐኪም መሆን ትፈልግ ነበር። እንዲያው የልጅ ምኞት እንዳይመስላችሁ፤ በኬሚስትሪና በባዮሎጂ ከክፍሏ የሚቀድማት አልነበረም። እኔ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥሬ ስሜን መጻፍና ጋዜጣ ማንበብ የቻልኩ ሴት ነኝ፤ ኬሚስትሪ ምን እንደሆነ አላውቅም። እሷ ግን መጽሐፉን ይዛ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ብቻዋን ፈገግ ስትል አያለሁ። ያ ይበቃኝ ነበር።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል በገባች ዓመት ቡናው ሲቀላ፣ ለመንግሥት እርሻ ለቃሚ ተማሪዎች ይላኩ ተባለ። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ሰልፍ ፊት ቆሞ፣ "ከየቡም ከሰኮሩም፣ ከገጠር የመጣችሁ ወደዚህ! ሥራውን ታውቁታላችሁ" አለ። የሹማምንቱን ልጆች በዚያ ሰሞን አንዱን ወገቡን፣ አንዷን ጥርሷን አመማቸው። እነሱና የከተማው ልጆች ክፍል ገብተው ተማሩ።

ከሄዱት አብዛኞቹ ቶሎ ተመለሱ። የኔዋ ቀረች። ወሬዋን ይዛ የመጣችውን ጓደኛዋን፣ "ምን አጥፍታ ነው ያስቀሯት?" አልኳት።

"ምንም አላጠፋችም እማማ፣ ጎበዝ ሆና ነው እንጂ! አለቃው 'የዚችን ቅርጫት እዩ፣ አንድ አረንጓዴ የለበትም' እያለ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ያሳያል። የፈጠኑትን ቡናው እስኪያልቅ አስቀርቷቸዋል።"

"እናንተስ?"

"እኛማ ሰነፎች ነን" ብላ ሳቀች።

ስትመለስ ጣቶቿ ጠቁረው፣ ተሰነጣጥቀው ነበር። ሰልፍ ላይ ጠርተው ደረቷ ላይ ቀይ ሪባን አደረጉላት፤ ምክትሉ ራሱ አጨበጨበ። ቤት መጥታ፣ "አኮ፣ ይዩልኝ" አለችኝ። የየቡ ልጆች አያታቸውን አኮ ነው የሚሉት። እኔም እልል አልኩላት።

ብዙ ሳይቆይ ለማትሪክ የሚፈተኑበትን ትምህርት የመምረጫ ጊዜ መጣ። እንግሊዝኛና ሒሳብ የሁሉም ነው፤ ሌላውን ተማሪው ይመርጣል ይባላል። ይባላል ነው የምላችሁ። "ኬሚስትሪና ፊዚክስ ብዙ አምልጦሻል፤ ታሪክና ጂኦግራፊ ተመዝገቢ" ብለው መለሷት።

ሻሼን አስሬ ትምህርት ቤት ሄድኩ።

"ልጄ፣ ይህቺ ልጅ ከክፍል የቀረችው የት ሄዳ ነው?" አልኩት ምክትሉን።

"ግዳጅ ላይ ነበረች፣ እናት። አኩርታናለች።"

"ካኮራቻችሁ ያመለጣትን አስተምሯታ።"

"አስተማሪው ጊዜ የለውም። ትምህርቱም አልፏል።"

"እነዚያ ወገባቸውን ያመማቸውስ? ኬሚስትሪ ተመዘገቡ?"

"እነሱ ትምህርቱን ተከታትለዋል" አለ።

"እንግዲያው አሁን እነሱ ሄደው ይልቀሙ፣ እሷ ትማር፤ ከዚያ እኩል ይፈተናሉ።"

"ለልጅቱ አስቤ ነው እናት። ተፈትና ብትወድቅስ? ደግሞም ተሸልማለች፤ ሪባን ተሰጥቷታል።"

"ሪባኑን ለልጅህ አድርግላት። ለኔዋ ኬሚስትሪ ስጥልኝ።"

አጠገቡ የተቀመጠችው ጸሐፊ ሳቋን በሳል ሸፈነችው። እሱ አልሳቀም። "እንዲህ ያለ ንግግር ቀበሌ ያስጠራል" አለኝ።

"ቀበሌውን አውቀዋለሁ። ፊደል የቆጠርኩት እዚያ ነው።"

የልጅ ልጄ በሩ ላይ ቆማ ስትሰማ ነበር። ገብታ ክንዴን ያዘችኝ። "አኮ፣ ይተዉት። ጂኦግራፊ እመዘገባለሁ።" ለራሷ ፈርታ አይደለም፤ ለእኔ ፈርታ ነው። በዚያን ጊዜ ሰው ቀበሌ ተጠርቶ እንዴት እንደሚቀር እሷም ታውቅ ነበር። ተመዘገበች። ሐኪምነቷ እዚያች በር ላይ ቀረ።

ጂኦግራፊውን በጥሩ ውጤት አለፈችው። ምን ያደርጋል፣ ሕክምና የሚያስገባው እሱ አይደለም። መምህራን ኮሌጅ ገብታ ጂኦግራፊ እንድታስተምር መደቧት።

ከመሄዷ በፊት፣ የመጀመሪያው ቡና መቅላት ሲጀምር፣ ታናሽ እህቷ ከየቡ መጥታ እኔ ቤት ገባች። እሷም ኬሚስትሪ ወዳድ ናት። የማስተምረውን ለእሷ ብቻ አላደረግኩትም፤ በሰፈሩ ቤት ተከራይተው የሚማሩትን የገጠር ልጆች በሙሉ ጓሮዬ ጠራኋቸው።

"ዛሬ ቡና አበላሽቶ መልቀም እንማራለን" አልኳቸው።

"ወላሂ?" አለች አንዷ።

"ወላሂ! ቅርንጫፉን ከላይ ያዢና ወደ ታች ግፈፊው። አረንጓዴው፣ ቅጠሉ፣ ሁሉም ይግባ። ቅርጫቱ ሲሞላ ተደናቀፊና ድፊው።"

ተንከተከቱ። በሌላ ጊዜ እንዲህ የሚለቅም ልጅ ጓሮዬ ባይ በኩርኩም ነበር የማባርረው። አሁን እያንዳንዱ ቅጠል ሲወርድ የኔን ቆዳ የሚገፉት እየመሰለኝ፣ "ጎሽ! ከዚህም ይባስ!" እላለሁ።

ትልቋን፣ "አንቺም አሳዪያቸው እንጂ" አልኳት። ቅርንጫፉን ያዘች። ልትገፈው ሞከረች፤ ጣቶቿ ግን አረንጓዴውን እየዘለሉ ወደ ቀዩ ሄዱ። እንደገና ያዘች። እንደገና መዳፏ ላይ የወረደው ቀዩ ብቻ ነው። ልጆቹ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። እሷም ልትስቅ ፈለገችና አልሆነላትም። "አኮ፣ እምቢ አለኝ" አለች፣ እጇን ዘርግታ እያሳየችኝ።

ታናሺቱና ጓደኞቿ ለለቀማ ሄደው፣ የማይረቡ ናቸው ተብለው ወዲያው ተመለሱ። ኬሚስትሪያቸው ላይ ደረሱ። ምክትሉ ሰልፍ ፊት ቆሞ፣ "የገጠር ልጅ ቡና መልቀም አያውቅም እንዴ!" ብሎ ጮኸባቸው። ሪባን የሰጣቸው የለም።